ሳንባው ታየ፤ ምክንያቱስ?

ወንድሜ 39 ዓመቱ ነው። ሲጋራ ጨርሶ አጭሶ አያውቅም። ገርጂ ያለው ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ቆሞ ትንፋሹን ይሰበስባል። አራት ዓመት ሙሉ «አስም ነው» ተባለ። ፓፍ ታዘዘለት፣ ኪኒን ታዘዘለት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር መርፌ ተወጋ። በመጨረሻ ሲቲ ስካን ተነሣ ተባለና ቦሌ ወደሚገኝ አንድ የምርመራ ማዕከል ሄድን። ገንዘቡ ቅድሚያ ተከፈለ። በማግስቱ አንድ ሲዲ፣ አንድ ትልቅ ፊልምና አንድ ገጽ ወረቀት ተረከብን። ከወረቀቱ ውስጥ ቁም ነገሩ አንድ መስመር ነበር፦ በሁለቱም ሳንባዎች፣ ይበልጡን በታችኛው ክፍል፣ የኤምፊዚማ ለውጥ ይታያል።

ምን ያህሉ ሳንባ ተጎድቷል? አልተጻፈም። ለምን ታችኛው ክፍል በረታ? አልተጻፈም። ሲጋራ የማያጨስ የ39 ዓመት ሰው ኤምፊዚማ ከየት አመጣ? ይህንን የጠየቀ አልነበረም። ወረቀቱን ምርመራውን ያዘዘው ክፍል ተቀበለው፤ ፓፉ በሌላ ፓፍ ተለወጠ፤ ቀጠሮው ለሦስት ወር ተራዘመ።

ጥያቄዬ የአንድ ወንድም ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ከመገናኛ ተነሥታችሁ በሃያ ሁለት በኩል ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም ውረዱ። ከዚያ ወደ ገርጂ፣ ወደ ሲኤምሲ፣ ወደ አያት አቅኑ። በየማዕዘኑ «ሲቲ ስካን፣ 24 ሰዓት» የሚል ሰሌዳ ታያላችሁ። የሚነገረንም ይህንኑ የሚያጅብ ነው። ዘመናዊ መሣሪያ ገብቷል፤ ለምርመራ ባንኮክና ዴልሂ መሄድ ቀርቷል፤ አዲስ አበባ የጎረቤት አገር ሰዎች ለሕክምና የሚመጡባት ከተማ እየሆነች ነው። ጥሩ። መሣሪያው መግባቱን አልክድም፤ ዐይቼዋለሁ፣ ከፍዬበታለሁ። ግን መሣሪያው ከገባ በኋላ ምን ተለወጠ? ስንት ሰው የበሽታውን ምክንያት ዐወቀ? ስንት «አስም» የተባለ ሰው አስም እንዳልሆነ ታወቀለት? ይህንን ቁጥር ማን ይዞታል? ከያዘውስ ለምን አይነግረንም?

ኤምፊዚማ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ሳንባችን እጅግ ብዙ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉት፤ ኦክስጅን ወደ ደም የሚያልፈው በእነሱ ስስ ግድግዳ በኩል ነው። ኤምፊዚማ የእነዚህ ግድግዳዎች መፍረስ ነው። ብዙ ትንንሽ ክፍል የነበረው ቤት ግድግዳው እየፈረሰ ባዶ አዳራሽ ይሆናል። አየሩ ይገባል፤ የሚያልፍበት ግድግዳ ግን የለም። የፈረሰውም ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ በዚህ በሽታ ላይ ጊዜ ማጥፋት ሳንባ ማጥፋት ነው። አራት ዓመት በ«አስም» ስም ሲያልፍ ስንት ግድግዳ እንደፈረሰ ማን ይቆጥረዋል?

የፈረሰበት ቦታም ነገር ይናገራል። በሲጋራ የሚመጣው ኤምፊዚማ ብዙውን ጊዜ ከሳንባው ላይኛ ክፍል ይጀምራል። የሳንባ ነቀርሳ ጠባሳም የሚበዛው ላይ ነው። በወጣትነት፣ ሲጋራ በሌለበት፣ ታችኛውን ክፍል አብዝቶ የሚጎዳ ኤምፊዚማ ሲታይ ግን ሐኪም ሁሉ በትምህርት ቤት የሰማው አንድ በዘር የሚወረስ ሕመም አለ፦ የአልፋ-1 አንቲትሪፕሲን እጥረት።

ይህ ትናንት የተገኘ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ስዊድን ውስጥ፣ ማልሞ ከተማ፣ ካርል በርቲል ላውሬል የሚባል ተመራማሪ የ1,500 ያህል ሰዎችን የደም ፕሮቲን ሲመረምር በአምስቱ ላይ አንድ መስመር እንደጎደለ አስተዋለ። ከወጣቱ ሐኪም ከስተን ኤሪክሰን ጋር ሆነው ተከታተሉት። ከአምስቱ ሦስቱ ገና በጎልማሳነታቸው ኤምፊዚማ ነበረባቸው። የጎደለው ፕሮቲን በጉበት ይሠራል፤ ሥራውም ሳንባን ከራሱ ወታደሮች መጠበቅ ነው። ነጭ የደም ሕዋሶቻችን ጀርም ሲዋጉ የሚረጩት ኢላስቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ጠባቂው ፕሮቲን ከሌለ ይህ ኢንዛይም ጀርሙን ትቶ የሳንባውን ግድግዳ ይበላል። ጭስ ሲጨመርበት መፍረሱ ይፋጠናል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ሰነድ ሥር የሰደደ የመተንፈሻ ቧንቧ መጥበብ ያለበት ሰው ሁሉ ቢያንስ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ለዚህ እጥረት የደም ምርመራ እንዲደረግለት መክሯል። አንድ ጊዜ። በክንድ ከሚቀዳ ትንሽ ደም። ታዲያ ያንን መስመር በሪፖርቱ ላይ የጻፈው እጅ «የደም ምርመራ ይታሰብበት» የሚሉ ሦስት ቃላት መጨመር ለምን አቃተው? ወረቀቱን የተቀበለው ወገንስ «ለምን ታችኛው ክፍል?» ብሎ ለመጠየቅ ምን ከለከለው? የሕመምተኛ ብዛት ነው? ነው እንበል። የሕመምተኛ ብዛት አራት ዓመት ሙሉ አንድን ጥያቄ ይከለክላል?

መልሱን ሰምቼዋለሁ፤ ከአንድ ቦታ ሳይሆን ከብዙ። «እሱ የፈረንጅ በሽታ ነው።» እስኪ ይመርመር። በጣም የታወቀው ጉድለት፣ ዜድ የሚባለው የዘር ለውጥ፣ በሰሜን አውሮፓ እንደሚበዛና በአፍሪካ እንደሚያንስ እውነት ነው። ግን በዚህ ዘረ-መል ላይ የታወቁት ለውጦች ከ100 በላይ ናቸው። ጥቂቶቹ ፕሮቲኑን ጨርሶ የሚያጠፉ ናቸው፤ እነዚህም በአንድ ሕዝብ ብቻ የታጠሩ አይደሉም። የሚበዛውን አውሮፓዊ ዓይነት ብቻ የሚፈልግ መመርመሪያ ገዝቶ ኢትዮጵያዊን መርምሮ «የለብህም» ማለት ምን ማለት ነው? በአንድ ዓይነት ቁልፍ ሁሉንም በር ሞክሮ «ቤት የለም» ከማለት በምን ይለያል? ትክክለኛው መጀመሪያ በደም ውስጥ ያለውን የፕሮቲን መጠን መለካት ነው። ከሊትር 11 ማይክሮሞል በታች ከሆነ ሳንባው ጥበቃ አጥቷል ይባላል። ይህ ልኬት የዘር ሐረግ አይጠይቅም። መጠንቀቅ የሚገባውም አንድ ነገር ነው፦ ሰውየው በኢንፌክሽን ላይ እያለ ቢለካ መጠኑ ለጊዜው ስለሚጨምር ጉድለቱ ሊሸፈን ይችላል።

በዚህች ከተማ ላይ ቆመን እንጠይቅ። «በኢትዮጵያ የለም» የሚሉ ሰዎች ስንት ሰው መርምረው ነው? ሳይፈለግ «የለም» የተባለ በሽታ ስንት ነው? ያልተቆጠረውን ዜሮ ብሎ መመዝገብ በየትኛው ሙያ ይፈቀዳል?

ወደ ሲቲ ስካኑ ልመለስ፤ ምክንያቱም ትልቁ ገንዘብ የሄደው እዚያ ነው። ሲቲ ስካን ፎቶ ብቻ ነው የሚመስለን። አይደለም። ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ የሠራው መሣሪያ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ሕመምተኛ ጭንቅላት ካየ ጀምሮ ማሽኑ የሚያመርተው ቁጥር ነው። ሃውንስፊልድና አለን ኮርማክ በ1979 የኖቤል ሽልማት ያገኙትም ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ቁጥር አለው። ውሃ ዜሮ ነው፤ አየር ከዜሮ በታች 1,000 ነው። ጤነኛ ሳንባ ሙሉ ትንፋሽ ተስቦ ሲነሣ ከዜሮ በታች 850 አካባቢ ይውላል። ከ950 በታች የወረደ ነጥብ አየር ብቻ የቀረበት፣ ግድግዳው የፈረሰ ቦታ ነው ተብሎ ይቆጠራል። በቀላል ቋንቋ፣ አንድ ሊትር ሳንባ ከ50 ግራም በታች ሲመዝን ማለት ነው።

ለአልፋ-1 እጥረት ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ልኬት ከዚህ የወጣ ነው። የሳንባውን ነጥቦች በሙሉ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድሩ፤ ከመቶው 15ኛው ላይ ቁሙ፤ እዚያ ያለው እፍግታ ስንት ነው? በሊትር ስንት ግራም? በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ስንት? ልዩነቱ ሳንባው በዓመት ያጣው ነው። እንግዲህ ይህ ቁጥር በወንድሜ ሲዲ ውስጥ አለ። ከፍለንበታል። ማሽኑ አውጥቶታል። ሪፖርቱ ግን «ለውጥ ይታያል» ብሎ አልፎታል። የደም ስኳር የተለካለት ሰው «ስኳር ይታያል» ተብሎ ወደ ቤቱ ቢላክ ማን ይታገሳል? ለሳንባ ሲሆን ለምን ታገሥን?

«ሶፍትዌሩ የለንም» ትሉን ይሆናል። ማሽኑ ሲገዛ የሳንባ እፍግታ መለኪያው አብሮ ይምጣ ወይ ብሎ የጠየቀ ነበር? ካልነበረ በግዥው ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት ምን ጠየቁ? የማሽኑን ዋጋ፣ የሰሌዳውን ስፋት፣ በቀን ስንት ሰው እንደሚያነሣ? ሶፍትዌሩ ካለስ ለምን አልተከፈተም?

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ይገባኛል። ቁጥር ማውጣት ቀላል አይደለም፤ የተሳሳተ ቁጥር ደግሞ ቁጥር ካለመኖሩ የከፋ ነው። ይህ ግን ጥያቄውን ያበዛዋል እንጂ አያስቀረውም። ወንድሜ ተራውን ሲጠብቅ ከፊቱ የገቡት አንዲት አረጋዊት እናት ነበሩ። በሩ ሲዘጋ የማሽኑ ድምፅ በእንግሊዝኛ ትንፋሽ እንዲስቡና እንዲይዙ አዘዛቸው። አልገባቸውም። ባለሙያው ከመስታወቱ ኋላ ሆኖ በማይክ «እማማ፣ ትንፋሽ ይሳቡ! ይያዙ!» እያለ ደጋግሞ ሲጮኽ ሰማነው። ያዙ ወይስ አልያዙም? ማንም አላረጋገጠም፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ወጡ።

ትንሽ ነገር ይመስላል። በዚህ ምርመራ ግን ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ሳንባ ሙሉ በሙሉ ካልተነፋ እፍግታው ይጨምራል፤ የጠፋው ግድግዳ ያልጠፋ ይመስላል። ዘንድሮ በግማሽ ትንፋሽ፣ በሚቀጥለው ዓመት በሙሉ ትንፋሽ የተነሣ ሰው በሽታው በአንድ ጊዜ የተባባሰ ይመስላል፤ ሲገለበጥ ደግሞ የዳነ ይመስላል። ታዲያ ያ ማሽን አማርኛ እንዲናገር ማድረግ ምን ያህል ይከብዳል? ድምፁን ቀድቶ መጫን በአምራቹ የተፈቀደ፣ በደቂቃዎች የሚያልቅ ሥራ መሆኑን እዚያ የሚሠሩት ያውቃሉ። ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛስ? በዚህ ከተማ ምሥራቅ በኩል የሚኖረው ሰው ቋንቋው ስንት ነው? ከመግባቱ በፊት ሁለት ጊዜ ትንፋሽ አስይዞ ማለማመድስ ስንት ብር ይጠይቃል?

ሌላም አለ። የሳንባ እፍግታ ሊለካ ከሆነ ወደ ደም ሥር የሚሰጠው ኮንትራስት መድኃኒት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ያለ እሱ መነሣት አለበት። ምስሉ የሚሠራበት የማጥሪያ ስልት ሹል ከሆነ ቁጥሩ ይዛባል። የቁራጩ ውፍረት፣ የጨረሩ መጠን፣ የማሽኑ ዓይነት፣ ሁሉም በሁለቱ ዓመታት አንድ መሆን አለበት። ውሃው ዜሮ፣ አየሩ ከዜሮ በታች 1,000 ማንበቡ በየጊዜው መፈተሽ አለበት። መብራት በሚሄድባትና በሚመለስባት ከተማ ይህ ፍተሻ በስንት ቀን አንዴ ይደረጋል? መዝገቡ የት ነው? ሕመምተኛ ቢጠይቅ ይታያል? ቁጥጥር የሚያደርጉት ለቁጥጥር ሲመጡ የሚያዩት የፈቃድ ወረቀቱን ነው ወይስ የውሃውን ዜሮ?

የጨረሩ ነገርም ይጠየቃል። አንድ መደበኛ የደረት ሲቲ ስካን ወደ 7 ሚሊሲቨርት ጨረር ይሰጣል። ተራ የደረት ራጅ 0.1 ነው። 70 ራጅ ማለት ነው። በዝቅተኛ ጨረር ማንሣት ይቻላል፤ ለእፍግታ መለኪያም ይበቃል። ለወንድሜ የትኛው ተሰጠ? በወረቀቱ ላይ መጠኑ አልሰፈረም። ማሽኑ ግን መዝግቦታል። ለምን ወደ ወረቀቱ አልተላለፈም? የተሰጠው ኪኒን ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ይጻፍለታል፤ የተሰጠው ጨረር ግን አይጻፍለትም። ለምን?

ከሁሉም የሚያስቆጨኝ ግን ቅደም ተከተሉ ነው። የሳንባ ቧንቧ ጠበበ አልጠበበም የሚታወቀው በስፓይሮሜትሪ ነው፤ ሰውየው በቱቦ ውስጥ በሙሉ ኃይሉ ይነፋል፣ ማሽኑ በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣውን አየር ከጠቅላላው ጋር ያነጻጽራል። ቧንቧ ከሚያሰፋ መድኃኒት በኋላ ውጤቱ ከ0.70 በታች ከሆነ ጥበቱ ተረጋገጠ። መሣሪያው በአንድ እጅ ይያዛል። ጨረር የለውም። ዓለም አቀፉ መመሪያ፣ ጎልድ የሚባለው፣ ከመጀመሪያው ሪፖርቱ ከእ.ኤ.አ. 2001 ጀምሮ ያለ እሱ ምርመራ አይጸናም ይላል። ወንድሜ በአራቱ ዓመታት አንድ ጊዜም አልነፋም። ከሁሉ ርካሹ ምርመራ ሳይደረግ ከሁሉ ውዱ ተደረገ። በማን ስሌት? ርካሹ ስለማያተርፍ ነው? ወይስ ቱቦው ተሰብሮ ነው? ወይስ የሚያስነፋ የሠለጠነ ሰው ጠፍቶ?

የሠለጠነ ሰው ጠፋ እንዳትሉን። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ የሥልጠና መርሐ ግብር የሳንባ ስፔሻሊስቶች እዚሁ አገር ውስጥ እየሠለጠኑ ነው። ከዚያ በፊት ለዚህ ሙያ ውጭ መሄድ ግድ ነበር። እነዚህ ሐኪሞች የሚያውቁትን አውቃለሁ፤ አንዱን አግኝቼ «ስፓይሮሜትሪና የአልፋ-1 መጠን ማየት ነበረበት» ሲለኝ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። እውቀቱ ከተማው ውስጥ አለ። ከመገናኛ እስከ ቦሌ ባሉት ሰሌዳዎች ሥር ያልደረሰው በምን ምክንያት ነው? አንድ ገጽ የጋራ መመሪያ ጽፎ በየማዕከሉ ማዳረስ የማን ሥራ ነበር? ሥራው የማን እንደሆነ ካልታወቀ፣ አለመታወቁን ያስታወቀ አለ?

«ኢትዮጵያ ውስጥ ሌላ ብዙ ችግር አለ» የሚለውንም ሰምቻለሁ። አለ። ሦስት ጉልቻ ላይ ስትጋግር ያደገች ሴት ሳንባ፣ ነቀርሳ ታክሞለት ጠባሳው የቀረ ወጣት ሳንባ፣ የቦሌን የግንባታ አቧራና የአሮጌ መኪና ጭስ የሚስብ የታክሲ ረዳት ሳንባ፤ ሁሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው ትንባሆ የሚጠቀመው አዋቂ 5 በመቶ ገደማ ነበር። ማጨስ በሕዝብ መዋያ ቦታዎች በአዋጅ 1112/2011 ተከልክሏል። እንግዲህ እዚህ አገር የታመመ ሳንባ ሲታይ «አጫሽ ነህ?» ብሎ ጠይቆ «አይደለሁም» ሲባል ፋይል መዝጋት አይቻልም። ሲጋራ ባልበዛበት አገር ምክንያት መፈለግ ይበልጥ ግዴታ ነው እንጂ ይቀራል? ጎልድ እ.ኤ.አ. በ2023 ሥር የሰደደውን የመተንፈሻ ቧንቧ መጥበብ በምክንያቱ ከፋፍሎ በዘር የመጣውን፣ በጭስ የመጣውን፣ በኢንፌክሽን የመጣውን ለየብቻ መሰየሙ ለማን ነው? ለእኛ አልነበረምን? አንድ ሰው ደግሞ ሁለቱን ሊይዝ ይችላል። የተወረሰ ጉድለት ያለባት ሴት ጭስ ቤት ውስጥ ብትጋግር ሳንባዋን የሚጠብቀው ምን አለ? ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ አየሩ ራሱ በሳሳበት ከተማ?

መድኃኒቱንም በተመለከተ ለታካሚ እውነቱ ይነገር። ከሌሎች ሰዎች ደም ተጣርቶ የሚዘጋጅ አልፋ-1 ፕሮቲን በየሳምንቱ በደም ሥር ይሰጣል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 ተፈቅዷል። ለሳንባ ይጠቅማል ወይ የሚለውን በሲቲ ስካን የመረመረ አንድ ትልቅ ጥናት ራፒድ ይባላል፤ 180 ሰዎች ተሳትፈውበት እ.ኤ.አ. በ2015 በላንሴት መጽሔት ታትሟል። ሙሉ ትንፋሽ ተይዞ ሲለካ መድኃኒቱን የወሰዱት በዓመት በሊትር 1.45 ግራም እፍግታ አጡ፤ ያልወሰዱት 2.19 ግራም። ልዩነቱ 0.74 ግራም ነው። በዚሁ ጥናት የትንፋሽ ኃይል፣ የመባባስ ብዛትና የኑሮ ጥራት ላይ የተረጋገጠ ልዩነት አልታየም። ወጪው በዓመት ከብዙዎቻችን የዕድሜ ልክ ደመወዝ በላይ ነው።

ይህንን የምጽፈው ለመድኃኒቱ ለመሟገት አይደለም። «መድኃኒቱ ስለማይገኝ ምርመራው ምን ይጠቅማል?» ለሚሉት ነው። ይህ አነጋገር ከሁሉ በላይ ያስቆጣኛል። ምርመራው ለመድኃኒቱ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ጉድለቱ የታወቀበት ሰው ከጭስ ይርቃል፤ ሥራው አቧራ ከሆነ ይቀይራል፤ ክትባቱን ይወስዳል፤ ጉበቱ ይታያል፤ አስም ነው ተብሎ ከሚሰጠው ከማይጠቅም ክኒን ይድናል። ወንድሞቹና እኅቶቹ ይመረመራሉ፤ ከአንድ አባትና እናት የተወለዱ ናቸውና። ጉድለቱ ሳይታወቅ ሲጋራ የሚጀምር ታናሽ ወንድም ካለ ከመጀመሩ በፊት ይነገረዋል። ይህ ሁሉ ስንት ዶላር ይጠይቃል? አንድ የደም ናሙና፣ አንድ ምክር። እነዚህን ለመንፈግ የመድኃኒቱ ውድነት እንዴት ምክንያት ይሆናል?

ሪፖርት የምትጽፉ፣ ማሽን የምታስገቡ፣ ፈቃድ የምትሰጡ፣ መመሪያ የምታወጡ፣ በየሰሌዳው ላይ 24 ሰዓት ብላችሁ የምታስጽፉ፤ መልስ የምንጠብቀው ከእናንተ ነው። በሚቀጥለው ሪፖርት ላይ የተጎዳው ሳንባ ከመቶ ስንት እንደሆነ ይጻፋል ወይስ አይጻፍም? የጨረሩ መጠን ይሰፍራል ወይስ አይሰፍርም? ሲጋራ የማያጨስ ሰው ታችኛው ሳንባው ሲፈርስ «የደም ምርመራ ይታሰብበት» ይባላል ወይስ አይባልም? ይህ ደም ወዴት እንደሚላክ፣ በስንት ቀን ውጤቱ እንደሚመጣ፣ ስንት እንደሚያስከፍል በአንድ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ የማን ሥራ ነው? መቼ ይለጠፋል? እኔ ሦስት ላብራቶሪ ዞርኩ። አንዱ ስሙን ጻፍልኝ አለኝ። ሁለቱ የለም አሉኝ። የት እንዳለ የነገረኝ አልነበረም።

አንባቢ ሆይ፣ ቤትህ ውስጥ ሳያጨስ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ ሲዲውን አትጣል። ሪፖርቱን አውጣና የትኛው የሳንባ ክፍል እንደተጎዳ አንብብ። ስፓይሮሜትሪ ተደርጎለት እንደሆነ ጠይቅ፤ ካልተደረገ አስደርግ።

የወንድሜ ሲዲ ቡፌው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ታናሽ እኅታችን 34 ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር ደረጃ ስትወጣ እንደሚደክማት ነገረችን። እስከ ዛሬ ደሟን የጠየቀ የለም።